እግር የሚይዝ ወለል

ደጊቱ ጫማዋን አወለቀች። ዳንግላ ውስጥ አስፋልት ዳር ባለ የሴራሚክ መደብር፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ በባዶ እግሯ ቆመችና ባለሱቁን ውሃ ለመነችው።

«ምነው እህቴ፣ ጠማሽ?» አለ ባለሱቁ እንዳልካቸው።

«አልጠማኝም። እላዩ ላይ ላፈስበት ነው።»

እንዳልካቸው ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል። በጥፍሩ የሚያንኳኳ አለ፤ ቀለሙን ሚስቱን በስልክ እየጠየቀ የሚገዛ አለ። ውሃ ደፍቶ የሚራመድበት ግን እስከዚያ ቀን አላጋጠመውም። ቢሆንም በጆግ አመጣላት። ደጊቱ መስታወት በመሰለው ነጭ ሴራሚክ ላይ ውሃውን አፈሰሰችና አንድ እግሯን አሳረፈች። እግሯ ሳታዘው አዳልጦ ሄደ። መደርደሪያውን ይዛ ተረፈች።

ባሏ ነጋ የሚኒባሱን ቁልፍ እያሽከረከረ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በሀፍረት ወደ መንገዱ ዞረ። «አንቺ ሴት፣ ወለል ነው የምትገዢ ወይስ ጫማ?»

ይሳቅባት እንጂ ደጊቱስ ወዳ አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ማናለብሽ አዘና አጠገብ ገጠር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ደጃቸው ላይ ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸውን ተጎድተዋል። ድነው በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እንጅባራ መጥተሽ ከኔ ጋር ኑሪ ብትላቸው፣ ብትለምናቸው፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሰው ቤት ሸክም አልሆንም።» አሁን አዲሱ ቤት ሊያልቅ ሲል በስንት ምልጃ ለምርቃቱ ሊመጡ እሺ አሉ። አይቼ፣ መርቄ፣ እመለሳለሁ ነው ያሉት። ደጊቱ ግን በልቧ፣ ገብታ ደህና ከተራመደች ትቀራለች ብላለች። በመጀመሪያው ቀን ካዳለጣት ደግሞ ወይ ተመልሳ አትመጣም፣ ወይ ጭራሽ አትነሳም። ጭንቀት ሥራ ፈት አይደለም፤ እየቆየ ይፈትላል። ደጊቱ ባኞ ቤት በሚለው ቃል ብቻ ላብ ያጠምቃት ጀምሮ ነበር።

ብዙ ሴራሚክ ላይ ውሃ ካፈሰሰች በኋላ አንድ ጥቁር ግራጫ ሻካራ አገኘች። ድንጋይ የሚመስል፣ እንደ መዳፍ ባሉ ቁርጥራጮች የተሠራ፣ መጋጠሚያው የበዛ ነው። ውሃ አፍስሳ ቆመችበት፤ እግሯን ያዘላት። ወዲያ ወዲህ አለችበት፤ ያዘላት። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ይሄማ የጓሮ መረማመጃ ነው» አለ ነጋ። «የሰው ቤት ወለል ፊት ያሳያል፤ የኛ እግር ሊያደማ ነው?»

ያ ሰሞን አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊቀበል ነው ተብሎ እንጅባራ በግንባታ ተወጥራ ነበር፤ ቤት የሠራ ሁሉ ወለሉን ያብለጨልጫል። ነጋም የሰውን አፍ ፈርቷል። እስከ እንጅባራ ድረስ ሲጨቃጨቁ ሄዱና ከተማው መግቢያ ላይ ታረቁ፤ ባኞ ቤቱ እንደ ደጊቱ ሻካራ፣ ወጥ ቤቱ እንደ ነጋ ነጭና አብረቅራቂ ይሁን ተባለ። ደጊቱም ተስማማች። ለእንግድነት የመጣችን እናት ማን ወጥ ቤት ያስገባታል ብላ ነው። ሞኝ! የባላገር እናት የልጇን ጓዳ ሳታይ እንደማትመለስ ማን በነገራት።

የምርቃቱ ዕለት ወይዘሮ ማናለብሽ ደረሱና በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። «እንዲህ ባለ ቤት በጫማ?» አሉ። ደጊቱ ገና ሳያርፉ፣ ጎረቤት ሳይሳለሙ፣ ክንዳቸውን ይዛ ባኞ ቤት አስገባቻቸው።

«እማዬ፣ እስኪ ርገጪው።»

«ኧረ ምን ነካሽ? ሳልቀመጥ ሽንት ቤት?»

«እስኪ በሞቴ።»

ረገጡት። በእግር ጣታቸው ዳበሱት። «የወንዝ ዳር ይመስላል። ደግ ነው» አሉ። ደጊቱ ስንት ወር የያዘችውን ትንፋሽ ተነፈሰች።

ግን አላረፈችም። እናቷ ሲነሱ ትነሳለች፤ ሲቀመጡ ወንበር ትደግፋለች፤ ደጃፉ ጋ ሲደርሱ «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች። የንስሐ አባታቸው ሲባርኩ እንኳ ዓይኗ ከእናቷ እግር አልተነቀለም። ወይዘሮ ማናለብሽ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ክንዳቸውን ከእጇ አስለቀቁ። ቆይተው ወደ ነጋ ዘንበል አሉና፣

«ልጄ፣ ነገ መኪናህ መቼ ነው የሚነሳ?» አሉት።

ደጊቱ ሰማች። ምን አጠፋሁ አለች፤ ወለሉን መረጥኩ፣ እጇን ያዝኩ፣ ምን ቀረኝ?

በዚህ መሀል ሸጋ የምትባል ጎረቤቷ የተረፈውን ቄጤማ በክንዷ ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ሳሎኑ ከጠዋት ጀምሮ ተጎዝጉዟል፤ ቤት ሲመረቅ ቄጤማ ካልተነሰነሰበት ደስታው አይሞላም። «ወጥ ቤቱስ ምን በደለ?» አለችና ዕቃ ታጥቦ ውሃ ባረፈበት ነጭ ወለል ላይ በተነችው። ደጊቱ ከሳሎን ቀና ስትል እናቷ በምርኩዛቸው ወደዚያው ሊገቡ አንድ እግራቸውን አንስተዋል።

«እማዬ፣ እንዳትረግጪ!»

ሮጠች። አልፋቸው ቀድማ ገብታ ቄጤማውን ልትጠርግ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የደረሰው ግን በራሷ በፈሪዋ ላይ ነው። እርጥቡ ሣር ከነጩ ወለል ጋር ተባብሮ ከሥሯ ከዳት። ቁርጭምጭሚቷ ሲጠማዘዝ ድምፁን ሰማችው።

ሴቶቹ ጮኹ። ወይዘሮ ማናለብሽ ግን ምርኩዛቸውን ጣሉ። በባዶ እግራቸው ቄጤማውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየገፉ፣ ጣታቸውን ወለሉ ላይ እየተከሉ፣ ከሁሉም ቀድመው ደረሱና የልጃቸውን ራስ በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ሲደነግጡ አገውኛ ይቀድማቸዋል፤ በአገውኛ አባበሏት። ከዚያ ቀና አሉና፣

«አንቺ ሸጋ፣ ይህን ሣር አንሺልኝ! ነጋ፣ ቆመህ አትየኝ፣ ወጌሻ ጥራ!»

ደጊቱ ይህን የእናቷን አዛዥ ድምፅ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። ሕመሙ እያንገበገባት እንኳ ገረማት።

በማግስቱ ነጋ ቁልፉን ይዞ መጣ። «እማማ፣ እንነሳ?»

«ወዴት?»

«አዘና ነዋ። ትናንት ብለውኝ አልነበር?»

«ይችን ለማን ጥዬ? ሂድ ወደ ሥራህ!»

ደጊቱ እግሯ ታስሮ ተኝታ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ከሕመሙ አልነበረም። ነጋም ሳቁን እየዋጠ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ማናለብሽ ብቻቸውን ባኞ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ። ደጊቱ ጆሮዋን አቆመች።

«እማዬ?»

ትራሷን ገፍታ ቀና አለች።

«እማዬ! ምነው ዝም አልሽ?»

የታሰረ እግሯን ከአልጋው ልታወርድ ስትል ሕመሙ መልሶ ጣላት። ወለሉ ሻካራ ነው፣ እግር ይይዛል፣ ራሴ ቆሜበታለሁ እያለች ለራሷ ማለች። መሐላዋ አላረጋጋትም።

በሩ ተከፈተ። እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽንት ቤትም በፈቃድ ሆነ እንዴ? ትናንት ወደ ቤቴ ልሄድ ያሰኘኝ ምን ይመስልሻል? መውደቁን እኔም እፈራዋለሁ። እንደ እንቁላል መያዝ ግን ከመውደቅ ይብሳል። እዚህ እንድኖር ከፈለግሽ፣ በሩን ዘግቼ ስገባ አትጥሪኝ።»

ደጊቱ ብዙ የምትለው ነበራት። ዋጠችውና «እሺ» አለች።

እግሯም ዳነ፣ እናቷም ቀሩ። ነገር ግን እስከ ዛሬ ያ በር በተዘጋ ቁጥር ደጊቱ የያዘችውን ሥራ ትታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እስኪከፈት ትጠብቃለች። አትጣራም።