ሁለት እኩል ቁልፎች

«አልረዳዎትም፤ ዝም ብዬ ነው የማየው፣» አለችና ስልኩን አጎቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን እስኪያስተካክሉ እንኳ አልቆዩም። ትልቁን አረንጓዴ ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ጠቅ አደረጉት። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

«ጋሼ፣ ምን እንደሚል አነበቡት?»

«አንቺ የሠራሽው አይደል እንዴ? ምኑን አነባለሁ?»

እውነታቸውን ነው። መድኃኒት መዋጫ ሰዓት የሚያስታውሰውን የስልክ መተግበሪያ መልክ የምትሠራው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳትረግጥ፣ በተዋሰችው ኮምፒውተር ራሷን አስተምራ የገባችበት ሥራ ነው። ባለዲግሪዎቹ ባልደረቦቿ ምሳ ሲወጡ «ትመጪያለሽ?» የሚላት የለም፤ ቢሏትም አልሄድም ባይ ናት። የአለቃዋ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የመድኃኒት ዝርዝሩ ለሻጮች እንዲተላለፍ ይስማማ፣ አለዚያ ሥራውን ለሌላ እሰጠዋለሁ። ስለዚህ «እስማማለሁ»ን አረንጓዴ ቀብታ አገዘፈችው፤ እምቢታውን ከታች በደብዛዛ ግራጫ ፊደል ወሸቀችው።

«እምቢ የሚባለው እዚህ ጋ ነበር፣» ብላ አሳየቻቸው።

አጎቷ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አጮልቀው አዩት።

«ይሄማ ኪስን ጀርባ ላይ መስፋት ነው። ኪስ አለው ትያለሽ፤ እጅ ግን አይደርስበትም። እኔ እንዲህ ሰፍቼ ቢሆን ደንበኛው ኮቱን ፊቴ ላይ ይወረውርብኝ ነበር።»

«አንድም ቀን አልተወረወረብዎትም?»

«አንድ ሙሽራ ወርውሯል። እሱም ወፍሮ ነው እንጂ ጥፋቱ የኔ አልነበረም።»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ ነው። የእሷም ክፍል ከዚህ አይሻልም።

ኮምፒውተሯን ከፍታ ሌላ ገጽ ሠራች። «የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ለሻጮች እንንገር? እየደወሉ ዕቃ ሊሸጡልዎት ይችላሉ።» ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሰለፈች፤ «ንገሩ» እና «አትንገሩ»። በቀለምም በመጠንም አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ገጹን ወደ ስልኩ አሻግራ መልሳ ሰጠቻቸው።

አሁን አጎቷ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት።

«ያቺ የጉልበት ቅባት የምትሸጠዋ ልጅ በዚህ ነው ያገኘችኝ?»

«አዎ። ባለፈው ወር መተግበሪያውን ስልክዎ ላይ ስጭንልዎትም ሳያነቡ ነክተውታል።»

«‹አትንገሩ› ካልኩ መደወሏን ትተዋለች?»

«ትተዋለች።»

«ጥሩ ልጅ ናት እኮ። ጠዋት ጠዋት ትደውልና ‹ጉልበትዎ እንዴት አደረ?› ትለኛለች። አንድም ቀን ገዝቻት አላውቅም፤ እሷ ግን አልሰለቸችም።»

ጣታቸው በሁለቱ ቁልፎች መካከል ተንጠለጠለ።

«ምን ይሻለኛል፣ ልጄ?»

ገጽ በሰው ሲፈተን የቱን እንደሚነካ ትንፍሽ ማለት የለም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ቢሮ ውስጥም ስንቱን ተቆጥታበታለች። ዓይኗን ከጣታቸው ሳትነቅል ማስታወሻዋን ገለጠች።

አጎቷ «ንገሩ» የሚለውን ነኩ። ስልኩን መለሱላትና ከጉልበታቸው ላይ የሌለ አቧራ አራገፉ።

«አንብበው፣ ገብቷቸው ተስማሙ» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እንዲህ ያለ ስምምነት ስትመኝ ነበር የኖረችው፤ ሲመጣ ግን ጎኗን ወጋት። አረንጓዴውን ገጽ ሰረዘች። ባለሁለት ቁልፉን ለአለቃዋ ላከችና ከሥሩ ጨመረችበት፤ «ከአሥር ዘጠኝ ሰው ላያመጣ ይችላል። የሚመጣው ግን አውቆ የመጣ ነው። ሌላ ሰው ካሰብክ ንገረኝ።»

ቦርሳዋን አንግባ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ልጅቷ በስንት ሰዓት ነው የምትደውለው?»

«አራት ሰዓት። ዝንፍ አትልም።»

ስልኳን አወጣችና «ለጋሼ ልደውል» የሚል የየዕለት ማንቂያ ሞላች። ለሦስት ሰዓት ተኩል።