ክቧ የምታርፍበት

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ካረፉ አምስት ወር ሆናቸው። ተዝካራቸውም ወጥቷል። ስልካቸው ላይ ያለችው ክብ ምልክት ግን አሁንም ወደ እሳቸው ቦታ ትሄዳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጃቸው ሳባ ሞጣ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታ የስልክ ጌም ትሠራለች፤ ድንጋይ እየገፉ ለምንጭ ውሃ መንገድ የሚያበጁበት። የመሪጌታ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጌሙን በእሳቸው እጅ ለካችው። ጣት ቢርገበገብም ጌሙ ድንጋዩን አያንቀሳቅስም፤ እስኪረጋ ይጠብቃል። ድንጋዩን የምትገፋው ክብ ደግሞ አንድ ቦታ ተተክላ አትቀርም፤ እጅ እንዳይደክም፣ አውራ ጣት ደጋግሞ ወደሚያርፍበት በራሷ ትጠጋለች። የመሪጌታ ጣት የሚያርፈው ከታች በስተቀኝ፣ ጠርዙን ታክኮ ነበር።

እሳቸው ሲያርፉ ሳባ ስልኩን ቢቸና ላይ ለአያቷ፣ ለመሪጌታ ባለቤት ለወይዘሮ ይርጋነሽ ሰጥታ ሄደች፤ እንዲሞክሩትና የሚያስቸግራቸውን እንዲነግሯት። ወይዘሮ ይርጋነሽ ክቧን መሀል ላይ አድርገው ከሰዓት በኋላ ጥቂት ይጫወታሉ። በማግስቱ ሲከፍቱት ክቧ ከታች፣ በስተቀኝ፣ ጠርዙ ላይ ናት። ይመልሷታል። በማግስቱም እዚያው።

ስልኩን በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። አላስቻላቸውም፤ በሦስተኛው ቀን አወጡት። የንስሐ አባታቸውን ቄስ ገብረ ማርያምን አስጠርተው ጠበል እንዲረጩበት ለመኑ። ቄሱ ስልኩን አገላብጠው አዩና፣ «ውሃ ከገባበት አይነሣም። መስቀል ይበቃዋል» አሉ። መስቀሉም ክቧን አላስቀራትም።

ሳባ ጌሙን ሰኞ ለሰው ሁሉ ልትለቀው ነው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ቅዳሜ በማለዳ ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ሲቀየር ሌላው ወርዶ ሲንጠራራ እሳቸው ስልኩን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ አልተነሡም። ሰውዬው ዕረፍት አላገኙ ይሆን? ልጅቱስ በሙት እጅ የተለካ ነገር በየሰው ቤት ስታስገባ ነገ ምን ይመጣባታል?

«ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሏት በሩ ላይ እንደቆሙ። «አያትሽ ከዚህ ውስጥ አልወጡም።»

«መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ እምዬ። ምሳ በልተዋል?»

«ምሳ ነው የታየሽ?»

ሳባ ነገሩን ስትሰማ ስልኩን ተቀበለቻቸው። «እሳቸው ስክሪኑን የነኩበትን መዝገብ ሁሉ እኮ ለእርስዎ ከመስጠቴ በፊት አጥፍቼዋለሁ» አለች። አሁንም ፊታቸው ሁሉንም ደግማ አጠፋችው፤ ክቧ መሀል ላይ ቆመች። «እስቲ ይጫወቱ።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ አማትበው ስልኩን ግራ እጃቸው ላይ አስደገፉት። አንድ ድንጋይ ገፉ። ሁለት። ሦስት። ክቧ ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች። ወደ ቀኝ፣ ወደ ጠርዙ።

«አየሽ?» አሉ።

ሳባ ስክሪኑን አታይም ነበር። የምታየው እጃቸውን ነው። ቀኝ እጃቸው ስልኩን አልጨበጠም። መዳፋቸው ጎበጥ ብሎ፣ በመዳፋቸውና በስልኩ መካከል አንድ እጅ የሚያህል ባዶ አለ፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ያንን ባዶ ዞሮ ጠርዙ ላይ ይደርሳል።

«እምዬ፣ እንዲህ መያዝ ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል» አሉና እጃቸውን ተመለከቱ። «አያትሽ ሕመሙ ሲብስባቸው እጄን በእጃቸው ላይ ደርቤ ስልኩን እይዝላቸው ነበር። ጣቴን በጣታቸው ላይ።»

«ክቧ የምትከተለው የእርስዎን ጣት ነው። እስቲ ጨብጠው ይያዙት።»

ጨበጡት። ባዶው ቦታ ሞላ፤ ስልኩ መዳፋቸውን አቀዘቀዘው። ድንጋይ በገፉ ቁጥር ክቧ ወደ መሀል ትወጣ ጀመር። እፎይ ማለት ነበረባቸው። ይልቁንም አንድ ሰው ከክፍሉ የወጣ ያህል ወደ በሩ ዞሩ።

«ከፈለጉ አንድ ቦታ ላይ ልትከላት» አለች ሳባ። «ሰኞ ቢያልፍም ይለፍ።»

«አትትከያት። ስንቱ ቤት እንዲህ የሚይዝ ሰው አለ። ልቀቂው።»

ማታ ሳባ ዘንድ አድረው በማግስቱ ተመለሱ። ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን አወጡ፤ ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ተከፈተ፤ ክቧም ወደ ቦታዋ ወረደች። ጉንደ ወይን ሲቃረቡ መንገዱ አንገጫገጫቸው። በመዳፋቸው ውስጥ ያለው ባዶ ተንቀጠቀጠ። ጌሙም እስኪረጋ ጠበቀ።