ግራ የዞረችው ወፍ

ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ሸኝቶኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ በጆሮዬ ለቀምኩ፤ የጎደለውን ራሴ ሞላሁት። ሰፈሩ «ሰባቴ» ይለኛል፤ ወሬዬ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰባት ስለሆነ። ሰባት ጅብ፣ ሰባት ወንዝ፣ አንዴ ደግሞ ሰባት ጥርስ ብቻ የቀራት አዞ።

የምሠራው አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ጨርቅ አታሚ ናት፤ የተቀረጸ እንጨት ቀለም ውስጥ እየነከረች ጨርቅ ላይ ትጫናለች። ከእንጨቶቹ ሁሉ አሮጌው የቅድመ አያቷ የወፍ ማኅተም ነው፤ ዳሩ በእጅ ብዛት እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ወፏ አፏ ላይ አንዲት ክብ ነገር ይዛለች።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከኛ የወሰደችውን፣ ወፏ የታተመችበትን ጣቃ መልሳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«እትዬ፣ ይቺን ወፍ ከዓይኔ ያርቁልኝ።»

ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ሴራሚክ አንጣፊው ወንድሟ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ቤት ከዋለ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ እሱን የመቱት ደግሞ «መጤ ይውጣ!» እያሉ የሚሰለፉት ናቸው። ባንዲራቸው ላይ ያለችው ወፍ የኛዋ ወፍ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ከወጣች በኋላ አክስቴ ጣቃውን አጥፋ አስቀመጠችና «መላጊያውን አምጣ» አለችኝ።

«ምን ልትልጊ?»

«ወፏን። እንጨት ከሰው ክንድ አይበልጥም።»

«እስከ ማታ ታገሺኝ። ባንዲራቸውን ቀርቤ ልየው።»

«አይተኸው ምን ሊፈይድልህ?»

«እንጃ። ከሩቅ ሳያት የሆነ ነገሯ ቅር ይለኛል፤ ምኗ እንደሆነ ካላወቅኩ ይበላኛል።»

ከሰዓት አደባባይ ወጣሁ። ባንዲራው በየመብራቱ ምሰሶ ታስሯል። አንዱን ነፋስ ቦይ ውስጥ ጥሎታል፤ የሰልፈኞቹ ጠባቂ ሲያዛጋ ሸሚዜ ውስጥ ሸጎጥኩት። ጠባቂው ሦስት ሜትር ይሆን ነበር። እሺ፣ ሁለት።

አክስቴ ባንዲራውን ዘርግታ የታተመውን ጨርቅ አጠገቡ አደረገች። የጨርቁ ወፍ ወደ ቀኝ ታያለች፤ የባንዲራው ወደ ግራ። እንጨቱን አመጣች። እንጨቱና ባንዲራው ቁርጥ አንድ!

«እነዚህ ሰዎች እኮ ማኅተሙን ነው የቀዱት!» አለች። ማኅተም ላይ ወደ ግራ የተቀረጸ ሲታተም ወደ ቀኝ ይዞራል፤ እኛ ቤት ይህን ድመቷም ታውቃለች። «ግን የት አይተውት? እኔ ፊቱን ደፍቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። አባቴም እንዲያ ነበር።»

መልስ ልሰጥ ስል ከባንዲራዋ ወፍ እግር ሥር የተጨመሩትን ትናንሽ ዘውዶች ቆጠርኩ። ሰባት።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አክስቴ ቀለም ልትገዛ ወጥታ ነበር። እንጨቱን «ያምራል» ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ሳለ ሁለት ትሑት ወጣቶች ገቡ። በስልክ አነሱት። «ታሪኳ ምንድነው ወንድም?» አሉኝ። አላውቅም ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም። «ይቺ ወፍ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ዓይኑን እየጓጎጠች ያባረረች ናት፤ ሰባት ባዕድ ንጉሥ ጥላለች» አልኳቸው። ጻፉት። እኔም ሲጽፉልኝ ደስ አለኝ።

ዋሽቶ ያስታረቀ አውቃለሁ። እኔ ግን ዋሽቼ ባንዲራ አሰፋሁ።

ሁሉንም ለአክስቴ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በቀለለኝ።

«እውነተኛው ተረትስ?» አልኳት። ስንት ዓመት አብሬያት ስሠራ አንዴም አልጠየቅኳትም፤ የራሴ ይጣፍጠኝ ነበራ።

«የራብ ዘመን ነበር» አለች። «ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ወፍ በአፏ ፍሬ ይዛ መጣች። መስኮት የከፈቱላት ዘሩን ተቀብለው ዳኑ። ማዶ ያሉት ግን ‹የኛ ወፍ አይደለችም› ብለው በድንጋይ መለሷት፤ ፍሬዋን እንደያዘች ዞራ ሄደች። ቀኝ ያየችዋ መጪዋ ናት። ግራ የዞረችዋ ሂያጇ፣ ራብ ማለት ናት። እንጨቱ ላይ ግራ ካልተቀረጸች ጨርቁ ላይ ቀኝ ስለማትሆን ግድ ነው፤ ለዚህ ነው ሸፍነን የምናስቀምጠው።»

«ታዲያ እነሱ የተሸከሙት ራብን ነው?»

«አንተ ነህ ያሸከምካቸው። ተነስ፣ ሂድና ክንዱ ለተሰበረው ልጅ ንገረው። እሱ ላጊው ካለ እልገዋለሁ።»

መኖሪያቸውም ወደሆነው ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ፣ ወንድሟ ጀሶውን ትራስ ላይ አሳርፎ ተቀምጠዋል። ተናዘዝኩ፤ የአክስቴንም ተረት ነገርኳቸው። እህትየው ከስፌቷ ቀና አላለችም።

«ሰባቴ፣ ዛሬ ለቀልድህ ጊዜ የለኝም።»

«በአባቴ ሞት እውነቴን ነው!»

«ባለፈው በአባትህ የማልክልን ለአዞዋ ነው።»

ባንዲራውንና ጨርቁን አልጋው ላይ ዘረጋሁ። ወንድምየው ጎንበስ አለ፤ በጤነኛ እጁ አንዱን በሌላው ላይ ገለበጠ። አበባ ያለበት ሴራሚክ ሲነጠፍ ግራና ቀኙን የሚለይ ዓይን ነው ያለው።

«ተይው፣ እውነቱን ነው፤ ከእንጨቱ ነው የቀዱት» አላት። ከዚያ እኔን ረጅም አየኝ። «ሰባት ንጉሥ ለምን አስፈለገህ?»

«ስድስት... ያንሳል ብዬ።»

ሳቁ አመለጠውና ጀሶውን ያዘ፤ ሳቅ ያመዋል። እህቱ አልሳቀችም። «ውጣ» አለችኝ። ወጣሁ።

በማግስቱ ወንድምየው ሱቃችን መጣ። መላጊያው ከእንጨቱ ጎን ተቀምጧል፤ አክስቴ ሁለቱንም ወደ እሱ ገፋችለት። መላጊያውን አንስቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ። መልሶ አስቀመጠው።

«እስቲ ቀለሙን» አለ።

እንጨቱን ነክሮ በግራ እጁ ጨርቅ ላይ ተጫነ። ያልለመደ እጅ ስለሆነ ክንፏ ተድበሰበሰ፣ ጅራቷ ላይ ቀለም ተጠራቀመ። አክስቴ እንዲህ ያለውን ለመወልወያ ነበር የምታደርገው፤ እሱ ግን ሳይደርቅ በጤነኛ ክንዱ ላይ ዘርግቶ ይዞት ሄደ።

ቅዳሜ በእህቱ ሱቅ በር ሳልፍ ያቺ የተድበሰበሰች ወፍ ከስፌት መኪናው በላይ ተለጥፋለች። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴትዮ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ግድግዳውን እያየች ፊቷን አጠቆረች።

«ደግሞ አንቺም እነዚያ ውስጥ ገባሽ?»

«ግቢ እናቴ። እየለካሁሽ እነግርሻለሁ።»

ሴትዮዋ አመነታች፤ ከዚያ ገብታ ክንዶቿን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከትከሻዋ ወደ አንጓዋ አወረደችና «የራብ ዘመን ነበር» ብላ ጀመረች።