የአናጢው ቦታ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሁለት ወር ሙሉ አላባራም። የፎቶ ቤቴ ጣሪያ አፍስሶ ወረቀቱን ሁሉ አበሰበሰው። ደንበኛ ጠፋ። የታላቅ እህቴ ባል፣ አናጢው፣ ሳንባውን ታሞ ተኛ። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ እህቴ ሳጥኗን ገልብጣ ስትፈልግ አገኘኋት። ከባሏ ጋር የተነሳችው አንድም ፎቶ አልነበራትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ በተጋቡ ቀን፣ በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያነሳኋቸው እኔ ነበርኩ። ጀማሪ ነበርኩ፤ ፊልሙን ሳልጠቀልል የካሜራውን ክዳን ከፈትኩት። ብርሃን ገባና ሁሉም ተቃጠለ።

ከዚያ ወዲህ አናጢው ካሜራ ፊት አልቆምም አለ። «መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል። እዚያው ደጅ ወስደህ አንሳን» ይለኝ ነበር። ቤታቸው በገባሁ ቁጥር፣ «ባለ ዕዳው መጣ፣ ወንበር ስጡት» ይላል። እንስቃለን። ነገ ዛሬ ስል አረጀን።

እህቴ ሳጥኑን ዘጋችው።

«እዚያ ደጅ ውሰደኝ።»

«ነገ ጠዋት ልውሰድሽ፣ እታለም።»

«በቀን ሰው ያየኛል። ማታ ደጁ ላይ መብራት ያበሩበት የለ እንዴ?»

አመሻሽ ላይ ሄድን። ዝናቡ ለጊዜው አቁሟል። መብራቱ ከሥር ወደ ላይ ስለሚበራ የግንቡ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቆምኩ።

«አባባ፣ መብራቱን ሦስት ሰዓት ላይ አጠፋዋለሁ» አለኝ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ።

«ይበቃናል።»

እህቴ ከደጁ በስተግራ ቆመች። አጠገቧ ባዶ ነው።

«ወደ መሃል ጠጋ በይ።»

«አርፈህ አንሳ። ይሄ የሱ ቦታ ነው።»

«ፎቶው ወደ አንድ በኩል ያደላል።»

«ያድላ። አሁን ደግሞ ባለሙያ ሆንክብኝ?»

 በማታ ፊልሙ ብርሃን እስኪጠግብ ሃያ መቁጠር አለብኝ። እስከዚያ የሚንቀሳቀስ ሰው በፎቶው ላይ አይቀርም፤ የሚቀረው የቆመ ብቻ ነው። ባሏ ከታመመ ወዲህ ደግሞ እጇ ይንቀጠቀጣል። እንዳትንቀሳቀስ ነገርኳት።

«ቁጠር» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ በመሃላችን አለፉ። እህቴ በግራ እጇ ቀኟን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ዓይኗን እንኳ ስትጨፍን አላየሁም።

ፊልሙን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ጠቀለልኩት። አላመንኩም፣ ደግሜ አዞርኩት።

በማግስቱ አጥቤ ወሰድኩላት። ሴቶቹ የሉም። ደጁ አለ፣ እህቴ አለች፣ አጠገቧ አንድ ሰው የሚያቆም ባዶ ቦታ አለ። መስኮቱ ሥር ይዛው ብዙ ቆየች። ጣቷን ባዶው ላይ አሳረፈች።

«በቃ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ዕዳ የለብህም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።