የሁለት ዓመት ተኩል ቀጠሮ

ሐጃ ዐዊያ ኪኒን የሚባል ነገር አይወዱም። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ደም ግፊታቸው ሲነሳ ጣሪያ ይነካል፤ የታዘዘላቸውን ግን እንደ ሕፃን ካልተለመኑ አይውጡም። «ለሚሸጥ መኪና ማን ቤንዚን ይሞላል? እኔ እንደሁ ሻንጣዬን አስሬ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ» ይላሉ።

የምትለምናቸው ሉጥፊያ ናት። የወሎ ልጅ ስትሆን ሱዳን ውስጥ ካላክላ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። የሐጃ እናትም ወሎዬ ነበሩና ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ የሐጃ አማርኛ ግማሹ ዐረብኛ ቢሆንም።

ሉጥፊያም የራሷ ኪኒን አላት። ከአምስት ዓመት በፊት አራት ቀን እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ቆየችና፣ በአምስተኛው የሐጃን የሻይ ብርጭቆዎች በትሪ ደርድራ ወጣች። በዚያ ፀሐይ እስከ ማዮ ሰፈር ድረስ እየሄደች ላገኘችው ሰው ሁሉ አደለቻቸው። ሐጃ በራክሻ፣ በባጃጅ ተከትለው ደረሱባት፤ ብርጭቆዎቹን ትተው እሷን ይዘው ተመለሱ። ሐኪም ጋ የወሰዷትም እሳቸው ናቸው። ስሜቷን ከልክ በላይ እያነሳ የሚጥለውን ሕመም ኪኒኑ አደብ አስያዘላት።

ውላቸው ያኔ ተደረገ። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን ኪኒን በመዳፋቸው ይይዛሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኩል ይውጣሉ። አንዷ ካልዋጠች ሌላዋም አትውጥም።

ዘንድሮ ሉጥፊያ ውሉን አፈረሰች። ዛኪር የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ እዚያው ሐጃ ግቢ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ልጅ አማራት፣ ክፉኛ አማራት። ጎረቤቷ ኒዕማ ደግሞ ገበያ ላይ «ያ ኪኒን የሆድ ልጅ ያበላሻል» አለቻት። ሐኪሟን ብትጠይቅ «አንቺማ መውለድ የለብሽም» የምትላት መሰላት፤ ስለዚህ አልጠየቀችም። ኪኒኗን ከምላሷ ሥር እየደበቀች፣ ጓሮ ወጥታ ናዕናዕ፣ የሻይ ናና የተተከለበት ቆርቆሮ ውስጥ ትቀብረው ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን አንዱን ምንጣፍ ጧትም ከሰዓትም አጠበችው። ሐጃ ልብ አሉት። በማግስቱ ለሻይ ናዕናዕ ሊቀነጥሱ ጓሮ ወጡና አፈሩን በጣታቸው ቢጭሩት ኪኒን፤ ደግመው ቢጭሩት ሌላ ኪኒን።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ» አሉ ይዘውት ገብተው፣ «ናዕናዕ መቼ ነው መድኃኒት የታዘዘለት?»

ሉጥፊያ የምንጣፉን ጠርዝ ታስተካክል ጀመር።

«ኸላስ፣ በቃ። አንቺ ካልዋጥሽ እኔም የለሁበትም።»

ሐጃ ካሉ አሉ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ኪኒናቸውን አልነኩም። በሦስተኛው ቀን ከስግደት ሲነሱ ዞረባቸውና ግድግዳ ያዙ። ሉጥፊያ ሮጣ ደገፈቻቸው።

«ሐጃ፣ በአላህ ይዋጡልኝ! ልጅ ፈልጌ ነው። ሐኪሟን ብጠይቅ አይሆንም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ!»

ሐጃ ለሦስት ቀን ያዘጋጁት ቁጣ ነበራቸው። ከአፋቸው አልወጣ አለ። በቁጣው ፈንታ ራሷን ዳበሷት።

«አንቺ ሞኝ! እናቴ ምን ትል ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ሶባ ሐኪምሽ ጋ እንሄዳለን።» ያን ምሽትም ተለምነው፣ እንደገና ተለምነው፣ የራሳቸውን ዋጡ።

በማግስቱ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ ተጋፍተው ሶባ አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተር ሱላፋ ሁሉንም ሰምታ አልተቆጣችም።

«ጎረቤትሽ ግማሹን እውነት ነግራሻለች» አለቻት። «ይህ ኪኒን ገና ማርገዝሽን ሳታውቂ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። በራስሽ ማቆም ደግሞ ሕመሙን ይመልስብሻል። ለነፍሰ ጡር ወደሚሻል መድኃኒት እየተከታተልን ቀስ ብለን እንቀይርልሻለን። ፎሊክ አሲድም ትጀምሪያለሽ። ጤናሽ እስኪረጋ የእርግዝና መከላከያ ተጠቀሚ፤ ከዚያ ትሞክራላችሁ።»

«አይሆንም አይሉኝም?»

«ማን ነው አይሆንም ያለሽ?»

ሉጥፊያ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው፤ ብቻዋን ስትሸከመው የከረመችው ፍርሃት ነበር በእንባ የወጣው።

«አንድ ነገር ግን የግድ ነው» አለች ዶክተሯ። «እንቅልፍሽ ሲቀንስ ካንቺ ቀድሞ የሚያይ ሰው አጠገብሽ ያስፈልጋል። ባልሽስ?»

«የወሩን ግማሽ ፖርት ሱዳን መንገድ ላይ ነው።»

«አና!» አሉ ሐጃ ከጎን። «እኔ አለሁ። እንኳን እንቅልፏን የምንጣፍ አስተጣጠቧን አውቃለሁ። እስከ መቼ ነው?»

ዶክተሯ አሰላች፤ መድኃኒቱ እስኪቀየርና እስኪረጋ፣ እርግዝናው፣ በተለይ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት። «ሕመሙ መመለስ የሚወደው ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል በሉት።»

ሐፍላ ላይ ከረዳቱ ጋር ሳይጨቃጨቁ ወርደው የማያውቁት ሐጃ ዐዊያ፣ እስከ ካላክላ ረዳቱን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። በጣቶቻቸው አንድ ነገር ይቆጥራሉ፤ ሰባ ስድስት፣ ሰባ ሰባት፣ ሰባ ስምንት። አመማቸው ወይስ ተቀየሙኝ እያለች ሉጥፊያ ልቧ ተንጠለጠለ።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ ዛሬስ ምን ብዬ ልለምናቸው እያለች ውሃና አዲሱን ኪኒኗን ይዛ ገባች። ሐጃ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ኪኒናቸው መዳፋቸው ላይ ነው። ተከልክለው ሳለ ፉል ላይ ተደብቀው የሚነሰንሱት የጨው ዕቃ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ምን ሆኑ ሐጃ?»

«ምን እሆናለሁ! ሁለት ዓመት ተኩል ትንሽ ነው እንዴ? ጨዉን ውሰጂልኝ። ሻንጣዬንም ፈትቼዋለሁ። ያላ፣ ቢስሚላህ።»

እኩል ዋጡ። ከዚያ ሐጃ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ምላሳቸውን አንስተው ከሥሩ ምንም እንደሌለ አሳዩዋት።

«አሁን ያንቺን አሳዪኝ» አሉ።

ሉጥፊያ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ አፏን ከፈተች።