የእናትየው ዕቅድ

አማካሪዋ የምትሠራባት ክፍል መስኮት የላትም። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ለወጣቶች የምክር አገልግሎት ሲከፋፈል፣ ብርሃን ያላቸው ክፍሎች ለቀደሙት ደረሱና ለእሷ የተረፈችው በሁለት ወንበርና በአንድ ጠረጴዛ ጢም የምትል ጓዳ ነበረች። ውሎዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ዝናቡ ዘንቦ አባርቶ መንገዱ እንኳ ደርቆ ታገኘዋለች።

ጠረጴዛዋ ላይ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አለ። ለአፍላ ወጣቶች የሕክምና ዕቅድ ማውጫ ነው፤ ችግሩን መርጠው ሲገልጡት ግቡም እርምጃውም ተጽፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይጠብቃል። ሥራ በጀመረች ሰሞን ለዕውር ምርኩዝ ሆኖላት ነበር፤ አትክደውም። ጣጣው የመጣው ኃላፊው «ከመጽሐፉ ውጪ አንዲት ቃል እንዳትጻፍ» ብሎ ካዘዘ በኋላ ነው። ዕቅዱ በሦስተኛው ቀጠሮ ካልተፈረመ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል፤ ቦታው ለተረኛ ይሰጣል። ሠራተኞቹ ኃላፊውን ከጀርባው «ቀነ ገደብ» ይሉታል።

በዚህ መሀል ነው ልጅቷ የመጣችው። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክንዷን ይዛ ያስገባቻት እናቷ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሆቴል ውስጥ ልብስ የምታጥብ፣ እጇ በሳሙና ብዛት የተላላጠ ሴት።

«ሦስት ቀን ጠፍታብኝ ነበር» አለች እናትየው ገና ሳትቀመጥ። «የት ነበርሽ ስላት መልስ የለም። በይ እስቲ ለእሷ ንገሪያት!»

ልጅቷ ጫማዋን ስታይ ቆየች። በሁለተኛውም ቀጠሮ ያው ነው። አማካሪዋ ብትጠይቅ፣ ብትቀልድ፣ ዝም ብትል ምንም ጠብ አላለም። ቀነ ገደብ ደግሞ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ዕቅዱስ?» ይላታል። ከማትናገር ልጅ ግብ ከየት ይመጣል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እናትየው ዘንድ ደወለችና የነገረቻትን ከመጽሐፉ ጋር እያመሳከረች ገለበጠችው። የቤቱን ሕግ ታከብራለች። በሰዓቷ ትገባለች። ያለችበትን ታሳውቃለች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ልጅቷ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ይሄ እኮ የእናቴ ነው» አለች። «የኔ የቱ ጋ ነው?»

ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ እስክሪብቶውን አንስታ ፈረመች።

«ይኸው። ልሂድ?»

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ተናጋሪ ሆነች። «በሰዓቴ ገባሁ። ሕጉን አከበርኩ። ያለሁበትን አሳወቅሁ።» ዕቅዱ ላይ እንዳለው፣ ቃል ሳታዛንፍ። ዕቅዱ ለመከበሩ በየሳምንቱ የሚሞላው ነጥብ ሽቅብ ወጣ። ቀነ ገደብም በስብሰባ ላይ «መጽሐፉን የተከተለ እንዲህ ያምርበታል!» ብሎ አስጨበጨበላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አማካሪዋ ጭብጨባው መሀል አቀርቅራ ተቀመጠች። ዕቅዱ አልሠራም እንዳትል ነጥቡ አለ፤ ሠራ እንዳትል ልጅቷ አለች።

አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋችው። «ዛሬ ስለ ሕግ አልጠይቅሽም። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሽንት ቤት ገብቼ ልብሴን እቀይራለሁ።»

«ለምን ሽንት ቤት?»

ልጅቷ እንደ ሞኝ አየቻት። «በር ያለው እሱ ብቻ ነዋ። የኔን ክፍል በር እናቴ ነቅላዋለች፤ ከጠፋሁ በኋላ። ስተኛ ታየኛለች፣ ሳጠና ታየኛለች። ሳለቅስ እንዳታየኝ ማልቀሱን ራሱ ተውኩት።»

አማካሪዋ ዕቅዱን ገለጠች። «የቤቱን ሕግ ታከብራለች» ብላ የጻፈችው ሕግ ለካ ይሄ ነበር።

ኃላፊው ዘንድ ገብታ «በሩ ይመለስ የሚል ዕቅዱ ላይ ልጨምር» አለችው።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለውም። መጽሐፉ ላይ የለም።»

«እንግዲያው የለም ማለት ነው። ደግሞስ የተሻላትን ልጅ ምን አስነካሽ?»

ከድጡ ወደ ማጡ እንደሆነ እያወቀች እናትና ልጅን አንድ ላይ ጠራቻቸው። እናትየው ስለ በሩ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ አትፍረጂብኝ። የሄደች ለት በሯ ዝግ ነበር። ተኝታለች ብዬ፣ እንዳልቀሰቅሳት በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ሥራ ሄድኩ። ስመለስም ዝግ ነው፤ አሟት ይሆናል ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ባዶ ክፍል ስጠብቅ ዋልኩ፣ እህቴ! አሁን ዝግ በር ባየሁ ቁጥር፣ ሥራ ቦታ እንኳ፣ ልቤ ቀጥ ይላል።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«መቼ ሰምተሽኝ!»

«መቼ ነግረሽኝ! ቁጣ ብቻ።»

«እሺ፣ እመልሰዋለሁ» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው።»

«ውሰጂው። እኔ መዝጋት ነው የፈለግሁት፤ መቆለፍ መች አልኩ?»

«ሳንኳኳ አቤት ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

አማካሪዋ ይህንኑ ከዕቅዱ ግርጌ ያለ ቁጥር በእጇ ጻፈች፤ ሁለቱም ፈረሙ።

በሩ ተመለሰ። ልጅቷ ግን ወዲያው አልተሻላትም። ታፍኖ የከረመው ለቅሶ ግንፍል አለ፤ አንድ ቀጠሮ ቀረች፤ ነጥቡ ቁልቁል ወረደ። ቀነ ገደብ ለአማካሪዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ከእንግዲህ የእሷ ዕቅድ ሁሉ እሱ ሳያየው አይፈረምም። እንደምትሟገተው ለራሷ ፎክራ ነበር ቢሮው የገባችው፤ «እሺ» ብላ ወጣች።

በሳምንቱ ልጅቷ መጣች። ዐይኗ አብጧል።

«የት እንደነበርኩ ልንገርዎት? ለእናቴ ግን አይነገርም።»

«ለሕይወትሽ የሚያሰጋ ከሆነ ልደብቅልሽ አልችልም።»

«አያሰጋም። የአባቴ እህት ቤት ነበርኩ። አክስቴ ለእናቴ ካልደወልኩ ብላ ነበር፣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው ያስቀረኋት። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም፤ እናቴ እዚያ ሄዳ ያልፈለገችኝም ለዚያ ነው።» ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሦስቱንም ቀን አባቴን እያነሳን ስንስቅ፣ ስናለቅስ ሰነበትን። እኛ ቤት ስሙ አይጠራም። እኔ ስሙ እንዲጠራ ነው የምፈልገው።»

አማካሪዋ እናትየውን አሰበች፤ ቀነ ገደብንም አሰበች።

«ቀስ ብለን እንነግራታለን» አለች።

«ቀስ ብለን ማለት መቼ ነው?»

«አላውቅም» አለቻት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ለመሄድ ግን አልተነሳችም።