ጩኸት የሌለበት ዳማ

ዳማ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው የሚል ሰው ጅማ ሄርማታ መርካቶ ወርዶ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ፣ ከአብዱልሃዲ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ሁለቱ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ከጀርባቸው ቆመው ይጫወታሉ። የተቀመጡት ድርሻ ቆርኪ መግፋት ብቻ ነው። «ያቺን! እሷን አይደለም፣ ያቺን!» ይላል አንዱ። «ተወው እባክህ፣ እሱ እንኳን ዳማ ሚስቱንም አሸንፎ አያውቅ» ይላል ሌላው። የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪ እንደጫነ ቆም ይልና ምክሩን ወርውሮ ይሄዳል። ተሳፋሪውም አንዳንዴ የራሱን ይጨምርበታል።

ፈሂማ ይህንን ጩኸት ላጥፋ ብላ የተነሳች ልጅ ናት። የአብዱልሃዲ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ፣ እዚያው ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ፣ አባቷን ስትሮክ ከመታቸው ከወራት በኋላ ጓዟን ጠቅልላ ጅማ ገባች። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ ወጣቶች ተሰብስበው አፕ የሚሠሩበት አንድ ማዕከል አለ፤ እዚያ ተመዘገበች። የማዕከሉ አሠልጣኝ ዘላለም ይባላል፤ ጢሙን በጥንቃቄ የሚያስተካክል፣ «ዩዘር» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማይሆንለት ሰው ነው። ሥራዋን ሲሰጣት፣ «አንድ ነገር አብረው የሚሠሩ ሰዎች ፈልጊ። የሚያስቸግራቸውን ጠይቂያቸው። ችግሩን የሚያጠፋ አፕ ሥሪ» አላት። ፈሂማም ሩቅ አልሄደችም።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ከሱቁ ጎን ልብስ የሚሰፉት ጋሽ አሊ፣ «ወላሂ፣ እነዚህ ጯሂዎች ባይኖሩ እኔ ማንንም እበላ ነበር» አሉ። ከየቡ ከተማ በጭነት መኪና ቡና ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡት ኦቦ ዳባ፣ ከመርካቶ ጯሂ ሁሉ አንደኛ የሆኑት ሰውዬ፣ አንገታቸውን በሐዘን ነቅንቀው፣ «ጩኸቱ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሰው እንዴት ብሎ ያስብ?» አሉ። የተጠየቀው ሁሉ ይህንኑ አለ።

አሁን ይህን ስህተት ሌላ ሰው ቢሠራው ይቅር ይባላል። የጅማ ልጅ ግን ልታውቅ ይገባት ነበር፤ የጅማ ሰው የሚያማርረው የሚወደውን ነው። ዝናቡን ሲያማርር ይከርምና፣ ሁለት ሳምንት ሲጠፋበት ሰማይ ሰማይ እያየ ያለቅሳል። ሚስቱን ያማርራል፤ እናቷ ዘንድ ሄዳ ካደረች ግን እህል አይወርድለትም። ፈሂማ ይህን እያወቀች አደገች፤ አዲስ አበባ ሄዳ ረሳችው። የነገሯትን እንዳለ አምና ተቀበለች።

አፑን ሠራች። በውስጡ ጩኸት የለም፣ ምክር የለም፣ ተመልካች የለም። ሰው በቅጽል ስም ይገባል፣ አፑ ደግሞ ካገኘው ጋር ያገናኘዋል፤ ማን ከማን ጋር እየተጫወተ እንደሆነ ከፈሂማ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘላለም አይቶት «ንጹሕ ነው!» አለ። ጋሽ አሊ «መቀስ» ብለው ገቡ። ኦቦ ዳባ ዕድሜ ልካቸውን በነዱት መኪና «አይሱዙ» ተባሉ። አባቷ «ሞቲ» አሉ፤ ሞቲ በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ነው። ትሕትና ድሮም አልፈጠረባቸውም፤ ደግሞም የበረንዳው ንጉሥ እሳቸው መሆናቸውን መርካቶ በሙሉ ያውቃል። ፈሂማ ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን ሲሸነፉ አላየችም።

አፑ ተወደደ። መወደዱ ነው ጉድ ያመጣው። በረንዳው ባዶ ቀረ፤ ሁሉም በየጥጉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዋለ። አባቷም ክፍላቸውን ዘግተው ቤት መዋል ጀመሩ። ሐኪሙ ያላቸው አንድ ነገር ነበር፦ ውጡ፣ ከሰው ተቀላቀሉ፣ አውሩ፤ ቤት ከተቀመጡ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። እናቷ ኩልሱም ይህን ቃል እንደ ዱዓ በየቀኑ ይደግሙታል።

«ሐኪም ያስነሳልኝን ባሌን መልሰሽ ያስተኛሽው አንቺ ነሽ» አሏት አንድ ቀን ከሰዓት። «ወይ እንደ በፊቱ አድርጊው፣ ወይ ያንን ስልክ እኔ ሽንኩርት እከትፍበታለሁ።»

ፈሂማ ወደ በረንዳው ወረደች። ጋሽ አሊና ኦቦ ዳባ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ስልካቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ነይ ነይ!» አሉ ጋሽ አሊ። «አንድ ሞቲ የሚባል አለልሽ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ይህን ሰውዬ ዳማ ያስተማረው ማነው? ትናንት ሻዬን እየጠጣሁ በላሁት።»

«አንተ አንዴ ነው» አሉ ኦቦ ዳባ። «እኔን አንድ ቀንም አምልጦኝ አያውቅ። ቆርኪውን ራሱ እየገፋ ያመጣልኛል። ምሳ አቅርቦ እጅ የሚያስታጥብ ነው የሚመስለው! የየቡ ፍየል ከሱ የተሻለ ታስባለች።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፈሂማ አልሳቀችም።

«ሞቲ አባ ነው» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ኦቦ ዳባ የያዙት ስልክ በዚያው ቅጽበት ጮኸ፤ ሞቲ ሊጫወትዎት ይፈልጋል ይላል። ሰውዬው ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ምጣድ ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«አስተግፊሩላህ» አሉ ጋሽ አሊ። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገሯት።

አብዱልሃዲ ከሆስፒታል ወጥተው በረንዳው ላይ የተቀመጡ ቀን፣ ቆርኪ አንስተው የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ቀኝ እጃቸው ዝም ብሎ አየር ላይ ቀረ። ከፊታቸው ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ አሊ ነበሩ፤ በሁለት ግፊት ሊጨርሷቸው ይችሉ ነበር። ያኔ ኦቦ ዳባ ከጀርባ ሆን ብለው የተሳሳተ ምክር ጮኹ። ጋሽ አሊም የተባሉትን ቆርኪ ገፉ። አብዱልሃዲ አሸነፉ፤ በግማሽ አፋቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማንም ምንም ሳይል የበረንዳው ሕግ ሆነ፤ ከአብዱልሃዲ ፊት የተቀመጠ ሁሉ እስኪሳሳት ድረስ ይጮኹበታል። የባጃጅ ሹፌሮቹ እንኳ ያውቁ ነበር።

«ጩኸቱ እኮ ሥራ ላይ ነበር» አሉ ኦቦ ዳባ። «አንቺ መጥተሽ ከሥራ አባረርሽው።»

«ታዲያ ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በአባትሽ በረንዳ ላይ፣ አባትሽ እየሰማ፣ አባትሽን እናታልላለን እንበልሽ?»

አፈረች፤ ቀናችም። አባቷ በወደቁ ጊዜ እሷ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ እነዚህ ሁለት ውሸታሞች ግን ከሰዓት ከሰዓት በጉሮሯቸው ተሸክመዋቸው ነበር። ማመስገን ፈለገች፣ መሳደብም ፈለገች።

«አንቺው አይደለሽ የሠራሽው?» አሉ ጋሽ አሊ። «እንዲያሸንፍ አድርጊዋ።»

«እውነት ነው» አሉ ኦቦ ዳባ። «እኛ በአፋችን ያደረግነውን አንቺ በኮምፒውተር አድርጊው። ሐላል ነው፣ አይደለም አሊ?»

«እሱን ሼኹን እንዳትጠይቃቸው።»

ፈሂማ አደረገችው። ሞቲ በገባ ቁጥር አፑ ከሰው ጋር እንዳያገናኘው፣ «ጎረቤት» ከሚባል ማሽን ጋር እንዲያጫውተው አዘዘች። ማሽን እንዲያሸንፍ ማስተማር ቀላል ነው፤ በጨዋ ደንብ እንዲሸነፍ ማስተማር ግን ወገቧን ቆረጠው። ትንሽ ይታገላል፣ ትንሽ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። በማግስቱ ጠዋት ሳሎን ቁጭ ብላ በሩን እያየች ጠበቀች። አሁን ያሸንፋሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ወደ በረንዳው ለመውረድ ጫማቸውን ይጠይቃሉ ብላ አሰበች።

አባቷ ወጡ። ስልኩን በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ፈሂማ፣ ይሄ ጎረቤት የሚሉት ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባ፣ አንድ ሰው ነው።»

«ሰው አይደለም። ሰው ሲሸነፍ ይናደዳል፣ ይቸኩላል። ይሄ ግን የሆስፒታል ነርስ ነው፤ እየተሸነፈም ያስታምመኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺም?» አሏት።

«የበረንዳውንም ታውቅ ነበር?» አለች።

«አሊን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምክር ሰምቶ አያውቅም። አባቱን አልሰማም፣ ሚስቱን አልሰማም። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ዳባ ጮኸበትና እሺ ብሎ ገፋ! ወላሂ፣ ያን ቀን የሞትኩ ነው የመሰለኝ። አሊ እሺ ካለ አልቆልኛል አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልካቸው?»

«ደስ ብሏቸው ነበራ! ሰደቃ የሚሰጥ ሰው እጁ ይመታል እንዴ?» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ይሄ አፕሽ ሲመጣ ግን፣ መጀመሪያ ቀን አንድ አይሱዙ የሚባል ባለጌ ሙልጭ አድርጎ በላኝ። አለቀስኩ።»

«አባዬ…»

«ደስ ብሎኝ ነው፣ ሞኝ! መታመሜን የማያውቅ ሰው በላኝ። ሳያዝንልኝ በላኝ። ከዚያ ወዲህ በሬን ዘግቼ የተኛሁ መስሏችኋል? እየተማርኩ ነው። ዛሬ አይሱዙን እበላዋለሁ ብዬ ስነሳ ይሄንን ጎረቤትሽን አመጣሽብኝ።»

ፈሂማ እያለቀሰች ሳቀች። ኮምፒውተሯን ከፈተችና ጎረቤትን አባቷ እያዩ አጠፋችው። እሳቸውም ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው እጃቸውን አጣምረው ተመለከቱ።

«አሁን ንገሪኝ። አይሱዙ ማነው?»

«ሚስጥር ነው አባ። የአፑ ደንብ ነው።»

«ስትሸውጂኝ ደንቡ የት ነበር?»

ይህን ጊዜ ደንቡ ከእጇ አመለጠ። «ኦቦ ዳባ ናቸው» አለች።

አባቷ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናቷ ደግሞ ስትሮኩ የተመለሰ መስሏቸው ከጓዳ ሮጠው መጡ። ሳቅ ነበር። «ያ ሌባ! ኩልሱም፣ ጫማዬን!» አሉ።

በረንዳው ላይ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር፤ መርካቶ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሰዉ ቆሟል፣ ሰሌዳው ተዘርግቷል፣ ኦቦ ዳባ በግድ ተጎትተው ተቀምጠዋል። አብዱልሃዲ ከፊታቸው ቁጭ አሉ። ጨዋታው ተጀመረ። ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

«ምነው?» አሉ አብዱልሃዲ ዙሪያቸውን እያዩ። «ሰው ሞቷል እንዴ? ጩኹ እንጂ!»

ማንም አልጮኸም። አብዱልሃዲ አንድ ቆርኪ ገፉ፤ መጥፎ ግፊት ነበር። ለኦቦ ዳባ ሁለት ቆርኪ ባንዴ የሚያስበላ በር ተከፈተ። ኦቦ ዳባ አዩት። ጣታቸው ተነሳና መልሶ ወረደ። ወደ ጋሽ አሊ ተመለከቱ፤ ጋሽ አሊ የሚሰፉትን ሱሪ ይመረምራሉ።

«ዳባ» አሉ አብዱልሃዲ። «ስልክ ላይ ጀግና ነህ ይሉኛል። እዚህ ግን ፊቴን ስታይ ሐኪም ትሆናለህ።»

ኦቦ ዳባ አሁንም አልገፉም። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ፈሂማ ከጀርባ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድንገት ጋሽ አሊ ሱሪውን ወረወሩና ብድግ አሉ።

«ብላው እንጂ፣ አንተ ዶማ! ሁለት ነው፣ አይታይህም?»

ኦቦ ዳባ ሁለቱን በሉ። ያን ጊዜ በረንዳው ፈነዳ። «ያቺን ግፋ!» «ዝጋበት!» «አብዱልሃዲ፣ ሽሽ!» እንደ ጥንቱ ሁሉም በአንዴ ጮኸ። ፈሂማም ሳታውቀው፣ «አባ፣ እሷን አይደለም!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ አባቷ ዞር ሳይሉ። «ዝምታ አይደል የምትሠሪው?»

የአብዱልሃዲ ቆርኪዎች አንድ ሳይቀር ተበሉ። የመጨረሻዋ ቆርኪ ስትነሳ ሰዉ እንደገና ጸጥ አለ። ኦቦ ዳባ ቆርኪዋን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን ደፉ።

«ስደበኛ!» አሉ አብዱልሃዲ። «የበላ ሰው ይሳደባል።»

«የየቡ ፍየል ትበልጥሃለች» አሉ ኦቦ ዳባ።

አብዱልሃዲ ሳቁ፤ ጫት ተራ ድረስ ተሰማ። «አልሃምዱሊላህ! ከሆስፒታል የወጣሁት ገና ዛሬ ነው» አሉና በግራ እጃቸው ቆርኪዎቹን መደርደር ጀመሩ።